ሂባን ከግሩፑ ያስወጣሁበት ቀን

እኔ ካሳው ቁጡ ሰው ነኝ። ቆቦ ውስጥ የማያውቅ የለምና ደብቄ አላተርፍም። በኮሌጁ የቴክኖሎጂ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኜ አስራ አንድ ዓመት ስሠራ ያልጮህኩበት ሰው ቢኖር ዘበኛው ብቻ ነው፤ እሱም ጆሮው ስለማይሰማ ነው።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ዲኑ ጠራኝና፣ "መልእክት የምትለዋወጡበት፣ ሥራ የምትከፋፈሉበት አንድ ሶፍትዌር ምረጡ። የወር ጊዜ አላችሁ። ውሳኔውን ቃለ ጉባኤ ይዘህ ና" አለኝ። ደስ አላለኝም። እኛ እስከዚያ ቀን ድረስ የምንግባባው በማስታወቂያ ሰሌዳው፣ በጸሐፊያችን በየሺ እግርና በሻይ ቤቱ ነበር። ሻይ ቤቱ ከግቢው በር ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ትልልቁ ነገር ሁሉ የሚወሰነው እዚያ ነበር። ቢሮ ውስጥ የምንሰበሰበው የተወሰነውን ለመጻፍ ነው።

በዚህ የተጎዳችው ሂባ ናት። ሂባ የኔትወርክ መምህራችን ናት፤ የጎረቤታችን የሮቢት ከተማ ልጅ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ በትምህርቷ ሁላችንንም የምታስከነዳ። ዓምና ደሴ ላይ የኔትወርክ ሥልጠና መጣ። ማን ይሂድ የሚለውን ሻይ ቤት ተቀምጠን አያሌውን ላክነው። አያሌው የሚያስተምረው የቢሮ ፕሮግራም ነው፤ ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሂባ የሰማችው አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ፣ ያውም ከየሺ ነው። ቢሮዬ ገብታ፣ "ሻይ ቤት ስለማልቀመጥ ነው ጋሼ?" አለችኝ። እውነቷን ስለሆነ ጮህኩባት። ዛሬም ድረስ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ የሶፍትዌሩ ነገር ሲመጣ ከሁላችንም በላይ አጥብቃ የያዘችው እሷ ናት። "ከእንግዲህ አንድም ነገር እኔ ሳላውቀው አያልፍም" አለች። ኮሚቴው እኔ፣ ሂባ፣ አያሌውና ፈሪድ ነበርን። ፈሪድ ሰርቨሩን የሚጠብቅ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ ጎልማሳ ነው። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው የሺ ናት።

ሦስት አማራጭ ቀረበ። አንደኛው የውጭ ነው፤ ያምራል፣ ሁሉ ነገር አለው፤ ግን ያለ ኢንተርኔት ምንም ነው። የእኛ ኢንተርኔት ደግሞ ጠዋት መጥቶ ከሰዓት የሚኮበልል ነው። እሱን በሦስት ቀን ተውነው። ሁለተኛው ሁላችንም ስልክ ላይ ያለው ቴሌግራም ነበር። እሱ ምንም አላጠፋም፤ ያጠፋነው እኛ ነን። ፈሪድ ጠዋት የፈተና ፕሮግራም ለጠፈ። ከሥሩ አንዱ "እንዴት አደራችሁ" አለ። የእኛ አገር ሰው ሰላምታ ከጀመረ እንግዲህ ምን ያቆመዋል! ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ እነ እከሌ ደህና ናቸው ወይ። ሰላምታው ዘጠና ሁለት ደረሰ፣ ፕሮግራሙ ከላይ ተቀበረ፣ ሁለት ክፍል ያለ ፈታኝ ቀረ። እኔም ከሰላምተኞቹ አንዱ ስለነበርኩ ለመጮህ አልተመቸኝም።

ሦስተኛው ፈሪድ በነፃ አውርዶ አሮጌው ሰርቨራችን ላይ የጫነው ነው። ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ በግቢው ዋይፋይ ይሠራል። ፈሪድ "ሸንጎ" ብሎ ስም አወጣለት። ሂባ ይሄን ወደደችው። እያንዳንዱ መልእክት ለሁሉም አባል እኩል ይደርሳል፤ ለዚህ ይታይ፣ ለዚያ ይደበቅ የለም። እኔም አንድ ሕግ ጨመርኩበት። ክፍል የሚቀር መምህር ሲኖር "የምትክ መምህር ጥያቄ" ይሞላል፤ ምክንያት ሳይጻፍም ቅጹ አይላክም። "ሰው ዝም ብሎ እየቀረ ነው፣ ምክንያት ይጻፍ!" ብዬ ጠረጴዛ ደበደብኩ። እሺ ተባለ።

ሸንጎን ስንሞክር በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ አምስት ሰዓት ተኩል አልፎ ስልኬ ጮኸ። አያሌው የላከው ቅጽ ነው። እንዲህ ይላል፦

"የምትክ መምህር ጥያቄ። መምህርት ሂባ። ከሐሙስ እስከ ማክሰኞ። ምክንያት፦ ወንድሟ መህዲ ሳውዲ ላይ በመኪና አደጋ ስላረፈ። መርዶው ነገ ጠዋት ይነገራታል፤ ዛሬ እንዳትሰማ አደራ።"

ክው አልኩ። እንዳትሰማ ብሎ እሷው ላለችበት ግሩፕ!

ከወንበሬ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። አያሌውን መምህራን ክፍል አገኘሁት፤ እሱም አሁን ገና ገብቶት ፊቱ አመድ መስሏል። "አንተ ደንቆሮ!" ብዬ ልጀምር ስል፣ "ጋሼ፣ ምክንያት ሳልሞላ አልልክም አለኝ" አለ። ሕጉ የእኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሂባ አጎት ሸረፈዲን ረፋድ ላይ ግቢው በር መጥቶ አያሌውን አስጠርቶታል፤ ጎረቤታሞች ናቸው። መህዲ ሳውዲ፣ ጂዛን ከሄደ አስር ዓመቱ ነው። ሂባን ያስተማራት እሱ የሚልከው ነው፤ ለሁላችንም ስትነግረን ኖራለች። የመሞቱ ስልክ ለሸረፈዲን የመጣው ማክሰኞ ማታ ነው። ሂባ የምትኖረው እዚሁ ቆቦ ከእናቷ ከወይዘሮ አሲያ ጋር ነው። እናትየው የደም ግፊት ሕመምተኛ ናቸው፤ ዓምና የባላቸውን መርዶ ሲሰሙ ወድቀው በስንት መከራ ነው የተነሱት። ስለዚህ ሸረፈዲን ሐሙስ ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሂ እንደተሰገደ ሽማግሌዎችና ነርስ ይዞ ሊገባ፣ እናትና ልጅን አንድ ላይ አስቀምጦ ሊነግር ቆርጧል። እስከዚያ ሁለቱም መስማት የለባቸውም። ሂባ እዚህ ግቢ ብትሰማ እየጮኸች ወደ ቤት መሮጧ ነው። እናቷም ነርስ በሌለበት፣ ሽማግሌ በሌለበት፣ ከመንገድ ጩኸት ሊሰሙት ነው።

እዚህ አገር መርዶ እንደ ደብዳቤ አይወረወርም። ሰው በልቶ፣ ተኝቶ፣ ዘመድ ከቦት ነው የሚነገረው። ይሄን ቆቦ ላይ ሕፃን ያውቀዋል፤ የእኔ ቅጽ ብቻ ነው የማያውቀው።

"የት ናት?" አልኩ።

"ላቦራቶሪ ውስጥ የኬብል ሥራ እያስተማረች ነው። ስድስት ተኩል ትወጣለች" አለችኝ የሺ። "ስልኳ እኔ ጋ ነው፣ ቻርጅ ላይ።"

ስልኩን ሁላችንም እንደ እባብ ከበን አየነው። ማያው ላይ "አንድ አዲስ መልእክት" ይላል። ፈሪድን፣ "አጥፋው!" አልኩት።

"አይጠፋም ጋሼ።"

"እንዴት ነው የማይጠፋው? አንተ አይደለህ የጫንከው?"

"ሂባ ናት እንዳይጠፋ ያስዘጋችው። ሰው ጽፎ ይክዳል ብላ። እሱን ለመክፈት ሰርቨሩን አጥፍቼ ብዙ ነገር መነካካት አለብኝ፤ እስከ ስድስት ተኩል አልደርስም።" ትንሽ አሰበና፣ "አባልነቷን ከሰረዝነው ግን የግሩፑ ነገር በሙሉ ከስልኳ ይነሳል" አለኝ። "ያን ማድረግ የሚችለው ደግሞ ኃላፊው ብቻ ነው።"

ኃላፊው እኔ ነኝ። ምን እንደማደርግ ገብቶኛል። ዓምና ሻይ ቤት ተቀምጬ የገፋኋትን ልጅ፣ አሁን ደግሞ እሷው ታግላ ካመጣችው ነገር በገዛ እጄ ላወጣት ነው። ተጫንኩት። የሺ ስልኩን ገልጣ አየችና፣ "ተነስቷል" አለች። ምክንያት የሚለውንም ቦታ ከቅጹ ላይ እዚያው ቆሜ ፈሪድን አስነቀልኩት።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የተመካከርነው እዚያው ሸንጎ ላይ ነው። ዲኑንም አስገባሁት። የሺ ሂባን ምሳ ይዛት ወደ ጽሕፈት ክፍሏ ሄደች። ረቡዕ ስለሆነ የጾም ነው፤ የሥጋ ነገር ስለሌለ ከየሺ ጋር ያለ ሐሳብ አንድ ትሪ ይቀርባሉ። ስትበላ ሳቋ እስከ ቢሮዬ ይሰማ ነበር። ጆሮዬን መድፈን ነው ያማረኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ሂባ ናት፤ ስልኳን ዘርግታ።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው? አባል አይደሉም ይለኛል።"

"የሲስተም ችግር ይሆናላ" አልኩ ወረቀት እያገላበጥኩ።

የሚዋሸውስ ለሚያምን ነው። ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። "በኃላፊው ከቀኑ 5፡52 ተሰርዘዋል" ይላል። "ኃላፊው አንቱ አይደሉም እንዴ?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

እውነቱ ጉሮሮዬ ላይ ነው። ባወጣው እናቷ አሉ። ባላወጣው እሷ አለች። "የኃላፊነት ውሳኔ ነው። በኋላ ይነገርሻል" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እንዴት እንደሚያስጠላ እኔም ሰማሁት።

ፊቷ ሲቀየር አየሁ። መጀመሪያ አልጮኸችም። "ዛሬ መምህራን ክፍል ስገባ ሁሉም ዝም አለ። ፈሪድ እንኳ አላየኝም። እንደገና ስለ አንድ ነገር ወስናችኋል ማለት ነው" አለች። "ሥልጠና መጥቷል? ወይስ ልታዛውሩኝ ነው?"

"ሂባ፣ ሂጂ ክፍልሽ ግቢ።"

"አንተ ሰውዬ!" አለችኝ። አምስት ዓመት አንቱ ስትለኝ ኖራ፣ አንተ። "ሻይ ቤቱን ስልክ ውስጥ አስገባኸው፣ አይደል? እኔ ደግሞ ሞኟ፣ ሁሉም እኩል ያያል እያልኩ አገር ለአገር ስሰብክልህ! ስትፈልግ የምታስወጣኝ ከሆነ ምኑን ነው የመረጥነው? ከኮሚቴውም ወጥቻለሁ። አንተና ጓደኞችህ ፈርሙበት!"

እኔ ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግብኝ ደሜ የሚፈላ ሰው ነኝ። ያን ቀን አልፈላም። ተቀምጬ ሰማኋት። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ በሩን ደርግማብኝ ወጣች። አንጀቴን በላችው፤ ነገ የምታለቅሰውን እያወቅኩ ዛሬ እኔ አስለቀስኳት። ሄጄ ልንገራት ብዬ ሁለት ጊዜ ከወንበሬ ተነሳሁ፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ ሱብሂ ተሰግዶ ሰው ሲወጣ መስጊዱ በር ላይ ተገናኘን። ሸረፈዲን፣ ሁለት ሼሆች፣ ጎረቤታቸው መሪጌታ፣ ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ፣ የሺና እኔ። "አለቃዋ ነህ፤ ስታይህ ትበረታለች" ብሎ ነው ሸረፈዲን የጠራኝ። እንዴት እንደተለያየን አልነገርኩትም። ብርሃኑ ገና ከዞብል ጋራ በኩል ብቅ እያለ ነበር።

ሸረፈዲን ነርሷን በጓሮ በኩል አስገብቶ ከእናትየው አጠገብ ሊያስቀምጥ ዞረ። እኛ በፊት ለፊቱ በር ቆምን። አንኳኳሁ።

የከፈተችው ሂባ ናት፤ ገና የሶላት ልብሷን አላወለቀችም። መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ከዚያ ሼሆቹን፣ መሪጌታውን፣ የሺን። አፏን በእጇ ያዘች።

"ውይ ጋሼ! ለዚች ነገር ሽማግሌ ይዘው መጡ?"

ባርኔጣዬን አወለቅኩ፤ እሷ ቀጠለች።

"እኔ ነበርኩ እንጂ መምጣት ያለብኝ። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነው ያደርኩት፣ ወላሂ። አንተ አልኩዎት። አባቴ ቢኖር ምን ይለኛል እያልኩ። አፉ በሉኝ። ሼሆቼ፣ ግቡ እንጂ፣ ለምን ትቆማላችሁ? እማዬ! ሰው መጥቷል!"

እያፈረች፣ ፈገግ እያለች፣ ምንጣፍ ልታነጥፍ ሮጠች። ሼሆቹ መሬት መሬት ያያሉ። የሺ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሂባ ትራሱን እያስተካከለች ለእኔ ከሁሉም የተሻለውን ቦታ አሳየችኝ፤ "ጋሼ እዚህ ይቀመጡ፣ ጀርባዎትን ያሳርፉ" አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

ሸረፈዲን እናትየውን ደግፎ ከውስጥ ክፍል ወጣ። ነርሷ ከኋላ ናት። ሂባ ትራሱን እንደያዘች አጎቷን አየች። ነርሷን አየች። ወደ እኔ ዞረች።

"ጋሼ… ለዕርቅ አይደለም የመጣችሁት?"

አይደለም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

"ልጄ፣ ከእናትሽ አጠገብ ቁጭ በይ" አለ ትልቁ ሼህ። "አብሽሪ፣ አይዞሽ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። የአላህ ነን፣ ወደ እሱም ተመላሾች ነን።"

"መህዲ ነው" አለች። ማንም ገና ስሙን አልጠራም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለቅሶ ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። እናትየው ወደቁ፤ ነርሷ ግን እጃቸው ላይ ነበረች፣ መድኃኒቱም ተዘጋጅቶ ነበር። ረፋድ ላይ ነፍሳቸው ተመለሰች። ሂባ እናቷ ዓይናቸውን እስኪገልጡ ድረስ ድምፅ አላወጣችም። ሲገልጡ ነው የጮኸችው።

ዲኑ በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ቃለ ጉባኤውን ጠየቀኝ። ሂባ ሳትመለስ አንፈርምም አልኩት። ጊዜው አልፏል አለኝ። ይለፍ አልኩት፤ እሱ ላይ ጮህኩ፣ ደስም አለኝ።

በአስራ አንደኛው ቀን መጣች። ከስታለች። ቆማ፣ "ጋሼ፣ መልሱኝ" አለች።

አልገባኝም ብዬ አየኋት። "ወደ ሸንጎ" አለች።

"ሂባ፣ ያን ቀን የተባባልነው ሁሉ እዚያ አለ። አይጠፋም።"

"አውቃለሁ። እኔ አይደለሁ ያስዘጋሁት።"

መለስኳት። ከፊቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች። የአያሌውን ቅጽ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከሥሩ የሚከተለውን እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ። አያሌው፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው። የሳምንቱን ክፍሏን በሙሉ እኔ ልያዝ" ይላል። ፈሪድ፣ "አንድ የሮቢት ተማሪ ወሬውን ሰምቷል። እሷ ወደ ቤት እስክትሄድ ሰርቨር ክፍል አብሮኝ ይዋል" ይላል። የሺ፣ "ምሳ እኔ ጋ ናት። ሳትጠግብ አልለቃትም፤ ነገ አትበላም" ትላለች። ቆይታ ደግሞ፣ "በላች። ሁለት እንጀራ" ትላለች። እዚህ ላይ ሂባ ሳቅም ልቅሶም የሆነ ድምፅ አወጣች።

ወደ ታች ወረደች። የእኔ ላይ ስትደርስ ቆመች። ጮክ ብላ አነበበችው።

"እንደተሰረዘች ስታይ መጥታ ትሰድበኛለች። ትስደበኝ፣ አትመልሱላት፣ እንዳታስረዷት። እናንተ ብቻ ፊታችሁን ጠብቁ።"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔ መስኮቱን አየሁ፤ ዓይኔ ስላስቸገረኝ።

"ሁላችሁም ከእኔ በፊት አወቃችሁ" አለች። "ይሄ ያመኛል ጋሼ፣ አልዋሽም። በዚያን ቀን ምሳ ላይ ስስቅ ነበር። ወንድሜ ሞቶ እየሳቅኩ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ በዚህ ስናደድባችሁ ነው የሰነበትኩት።"

"ተናደጂ። ሐቅሽ ነው።"

ቃለ ጉባኤውን ሳበችና፣ ሸንጎ ከሚለው ሥር ስሟን ፈለገች። ፈረመች። ብዕሩን ሳትመልስልኝ ትንሽ ያዘችው።

"ሥልጠና ሲመጣ፣ ዝውውር ሲመጣ፣ ስብሰባ ሲኖር፣ አንድ ደቂቃ ብታስወጡኝ ወላሂ ፍርድ ቤት ነው የምገትራችሁ።"

"እሺ።"

"እማዬ ግን እየደከመች ነው። እኔ ሥራ ላይ እያለሁ አንድ ነገር ብትሆን…" አልጨረሰችውም። ብዕሩን ወደ እኔ ገፋችው። "ያን ቀን ግን አስወጡኝ። ምሳዬንም አብሉኝ። መጥቼም አልሳደብም።"

እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩና ከእሷ ስም ሥር ፈረምኩ።